የቁልፍ ርክክብ

ይኸው ቁልፉ ኢፍቱ፤ ረጅሙ የበሩ፣
አጭሩ የጓዳ፣ ትንሽ ዝጓል ዳሩ።
የቤቱስ ቀላል ነው፤
ጣሪያው ቢያፈስ እንኳ ቆርቆሮ ይገዛል፣
ግድግዳው ቢቆሽሽ በኖራ ይወዛል።
ጓሮው ነው ጣጣው፣ ውል ያልተጻፈበት፣
ደላላው ዞር ብሎ ዋጋ ያልጣለበት።
እስቲ አረፍ በዪ፣ ከዚህች ድንጋይ ላይ፣
የሳቢያን ፀሐይ ሳትከር አንድ ባንድ እንድናይ።

ሎሚዋ ያቻትልሽ፣ ከአጥሩ ተጠግታ፤
ጉንዳን ከወጣባት፣ ጠዋትም ይሁን ማታ፣
«ምን አለበት» ብለሽ ዝም አትበዪ፤
ጉንዳን በባዶ አይሄድም፣
ቅጠሏን ገልብጪ፣ ጀርባዋን እዪ።
እዚያ ላም አለችው፣ ክሽክሽ የሚሏት፣
ማር የምትታለብ፣ እሱ የሚጠብቃት።
ግንዷን በጨርቅ ጠምጥሚ፣ ጨርቁን ግራሶ ቀቢ፣
እረኛው ከታች ይቅር፤
ላሞቹን ለጢንዚዛ ተዪለት፣ አንቺ አትግቢ።
ውሃ ስትሰጪያት ከግንዷ አርቂው፤
አንገቷ ከራሰ ሙጫ ታነባለች፣
ሙጫ ካነባች ግን አታገግምም፣ እወቂው።

ማንጎውን የኔ አትበዪ፤ የሰፈር ልጆች ነው፤
የወደቀውን ግን ሳያድር ልቀሚው፣
ሆዱ ውስጥ ትል አለ፣ የነገ ዝንብ ነው።
ክንድ ሙሉ ቆፍረሽ አፈር አልብሺው፤
ከአጥር ማዶ መጣል ለጎረቤት ማበደር ነው፣
ከርሞ ከነወለዱ ነው የሚመልሰው።

ኒሙን ጥላ ብቻ ነው ብለሽ አትናቂ፤
ፍሬውን ሰብስቢ፣ በሙቀጫ አድቅቂ፤
በባልዲ ዘፍዝፊው፣ ኮከብ እያየ ይደር፣
በአሮጌ ሻሽ አጥልዪ፣ ሳሙና ጣል አርጊ፣
ቲማቲሙን በምሽት እርጪው ከዳር እስከ ዳር፤
የድሬ ቀትር ዘመድ አያውቅም፣
በቀትር ከረጨሽ ተባዩ ይስቃል እንጂ አይሞትም።

ፓፓያዎቹ አራት፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፣
ያ ቀጭኑ ወንድ ነው፣
አያፈራም ብለሽ መጋዝ እንዳታሳዪው፤
ሥራ ፈት ቢመስልም አንድ ለሰፈር ይበቃል።
ይህን ባልኩ ቁጥር ከፈለኝ ይስቃል፤
ይስቅ ነበር።

ቡገንቪሊያዋን ካጠገብሻት ቅጠል ናት፣
አበባ የምታወጣው ጥቂት ሲጠማት።

ጊሽጣዋን ለመጨረሻ ያቆየሁት አውቄ ነው።
አምስት ዓመት አበበች፤ አንድም ፍሬ የለ።
ከፈለኝ መጥረቢያ ስሎ «ትቆረጥ» አለ።
አብዶሽ መጣ ከኤረር፣ የችግኝ ነጋዴ፣
ግንዷን ዳሰሰና ሳቀብን፣ «ኧረ ጉዴ!
ይህች አበባ እኮ ማለዳ ሴት ናት፣ ሲመሽ ወንድ ትሆናለች፣
ከራሷ ጋር ባንድ ቤት ኖራ ተላልፋ ትቀራለች፤
ዱቄቷን ከምሽት ተቀብሎ ለንጋት የሚያደርስ
ሰው ነው ያጣችው፣ መልእክት የሚያመላልስ።»

እኔ የዚያን ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ ነበርኩ፣ የቀን ተረኛ፤
እሱ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ሌሊቱን ትጉ፣ ቀኑን እንቅልፈኛ።
በር ላይ ነው የምንተያይ፣ እኔ ስወጣ እሱ ሲገባ፤
ወሬው ሁሉ «ወጡ ተከድኗል»፣ «ሽንኩርት አልቋል»፣ «በል ግባ»።

ከዚያ ወዲህ፣
ማታ ስመለስ በዶሮ ላባ ዱቄቱን እጠርጋለሁ፣
በክብሪት ቀፎ ከትቼ መስኮቱ ላይ አኖራለሁ፤
እሱ ሲነጋ ሲገባ፣ ሲሚንቶውን ከእጁ ታጥቦ፣
ላባዋን ያነሳል፣ ገና ወደተከፈተችው አጎንብሶ ቀርቦ።
አንድ ቀን እንኳ አብረን አላደረግነውም።
በዚያ ዓመት አሥራ ሰባት ያዘች። ዘንድሮ አልቆጠርኩም።

ሁለት ዓመት ሆነኝ ሁለቱን ፈረቃ ለብቻዬ ስገባ፤
ዛሬ ግን ጉልበቴ ከመሰላሉ ጋር አልተግባባ።

ቀፎው ይኸውልሽ፤ ላባዋ ከነዱቄቷ፣ የትናንት ማታ፤
ነገ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አድርሺላት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ።
ቆይ ቆይ፣ ሳልጠይቅሽ፦
ያንቺው ሰው ሥራው የት ነው?
በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?